ጎንደር ላይ ኤሌክትሪክ ሞተር ለምትነዱ፦ የባትሪ እድሜና ቻርጅ አደራረግ

ሰላም የጎንደር ልጆች። ሞተሬን ፒያሳ ባቆምኩ ቁጥር ሁለት ጥያቄ አይቀርልኝም፣ አንዱ "ይሄ ነገር አዘዞ ደርሶ ይመለሳል?" ሁለተኛው "ባትሪው ስንት ዓመት ይቆያል?" ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ጠያቂው በዝቷል፣ የማደያ ሰልፍ ያማረረውም ሁሉ ልግዛ አልግዛ እያለ ነው። ስለዚህ ማውቀውን አንዴ ዘርዝሬ ልጻፈውና ሚጠይቀኝን ሰው ወደዚህ ልላከው ብዬ ነው።

ከሁሉም በፊት ሲቱን ከፍታችሁ ባትሪያችሁ ምን እንደሆነ እዩ። የአሲድ ነው (ደረቅ ባትሪ ሚሉት) ወይስ ሊቲየም? ይሄን ሳታውቁ ማንም የሚላችሁን ምክር አትቀበሉ፣ ምክንያቱም ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ነው። እኔ ይሄን የተማርኩት ባትሪ ገድዬ ነው። የመጀመሪያው ሞተሬ 72 ቮልት 20 አምፔር ሰዓት ነበር፣ ባለ 12 ቮልት ስድስት ደረቅ ባትሪ በተከታታይ የታሰረ። አንድ ሰው "እንደ ሞባይል ነው፣ ጨርሶ ካላለቀ ቻርጅ አታርገው፣ ባትሪውን ታለምደዋለህ" አለኝ፣ እኔም አምኜ ሁለት ሶስት ቀን እየነዳሁ ዳገት መውጣት እስኪያቅተው ድረስ አደርቀው ነበር፣ አንዳንዴም ባዶውን ያድራል። በአስር ወር ውስጥ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄድ የነበረው 12 ላይ ቀጥ ማለት ጀመረ። ባትሪው ምንም ችግር አልነበረበትም፣ የገደለው ምክሩ ነው።

ለምን መሰላችሁ፣ የአሲድ ባትሪ ባዶውን ሲቀመጥ የእርሳስ ሰሌዳው ላይ ሰልፌት ሚባል ነገር ይጋገርበታል፣ ትኩስ እያለ ቻርጅ ከተደረገ ይሟሟል፣ ካደረ ከሰነበተ ግን ይጠነክርና አይለቅም፣ በዛው ልክ የባትሪው መያዣ ይጠብባል። ስለዚህ የአሲድ ባትሪ ያላችሁ ህጉ አንድ ነው፣ ማታ ቤት ስትገቡ 5 ኪሎ ሜትርም ብትነዱ ሰኩት። አረንጓዴ ካበራ በኋላም አንድ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ጥሩ ነው፣ የመጨረሻዋ ሙሌት ቀስ ብላ ነው የምትገባው። ለሁለት ሶስት ቀን ግን ተሰክቶ አይረሳ። አዲስ አበባ ለአንድ ወር ምትሄዱ ከሆነ ሙሉ አርጋችሁ አስቀምጡት፣ ከዛ በላይ ከሆነ ደግሞ ቤት ያለ ሰው በወር አንዴ ይሰካላችሁ።

ሊቲየም ተቃራኒው ነው። እሱ ሙሉ ሆኖ መሰንበት አይወድም፣ ባዶ ሆኖ መሰንበትም አይወድም፣ መሀል ላይ ነው ምቾቱ። በየቀኑ ከ20 እስከ 80 ፐርሰንት መሀል ብታመላልሱት እድሜው በጣም ይረዝማል። ለወር ምትሄዱ ከሆነ ግማሽ ላይ አርጋችሁ ከቻርጀርም ከሞተሩም ነቅላችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ተዉት። ሊቲየሙ ኤልኤፍፒ ሚባለው ዓይነት ከሆነ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ቮልቴጁ ከ90 እስከ 20 ፐርሰንት ድረስ ብዙም አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ፐርሰንት ብዙ አይታመንም፣ ድንገት ከ30 ወደ ዜሮ ሊወርድባችሁ ይችላል። ለዚህ ሲባል በሳምንት ወይ በሁለት ሳምንት አንዴ እስከ 100 ሙሉት፣ ቢኤምኤሱ (ባትሪው ውስጥ ሴሎቹን ሚቆጣጠረው ቦርድ) ሴሎቹን ሚያስተካክለው ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው።

ዓይነቱን እንዴት ትለያላችሁ? የአሲዱ ከባድ ነው፣ አንዷ ባትሪ 7 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፣ ስድስቱ ከ40 ኪሎ በላይ ማለት ነው፣ ሊቲየሙ በዛው አቅም ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሆኖ ባለ እጀታ አንድ ሳጥን ነው። ሁለተኛው መንገድ የቻርጀሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን የመውጫ ቮልት ማንበብ ነው። ለ72 ቮልት ሲስተም ብዙውን ጊዜ 84 የሚል ኤንኤምሲ ለሚባለው ሊቲየም ነው፣ 87.6 የሚል ለኤልኤፍፒ፣ 88 ምናምን የሚል ለአሲድ። ቁጥሩ ተቀራረበ ብላችሁ ግን እንዳትቀያይሩ፣ ሶኬቱ ስለገባ ቻርጀሩ ይሆናል ማለት አይደለም። በተለይ ባለ 84ቱን ባትሪ በ88 ቻርጀር መሙላት ማለት ከአቅሙ በላይ መጋት ነው፣ ሚያድናችሁ ቢኤምኤሱ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ከተበላሸ እሳት ነው። የጓደኛን ቻርጀር ከመዋስ በፊት ጀርባውን አንብቡ።

እድሜውስ? የአሲዱ ጨርሶ እየደረቀና እየሞላ ከሆነ ከ300 እስከ 500 ዙር ነው፣ ማለትም በየቀኑ ጨርሳችሁ ምትነዱ ከሆነ አንድ ዓመት ትንሽ ፈቅ ቢል ነው። ግማሹን ብቻ እየተጠቀማችሁ በየማታው ከሞላችሁት ከዛ በደንብ ይረዝማል። ኤልኤፍፒ በደህና ከተያዘ 2,000 ዙርና ከዛ በላይ ይሄዳል። ኤንኤምሲ መሀል ላይ ነው፣ ከ500 እስከ 1,000 ብላችሁ ያዙ። ስትገዙ ሊቲየሙ ዋጋው ያስደነግጣል እኔም አውቃለሁ፣ ግን ዋጋውን ለዙሩ አካፍሉት፣ ለስራ በየቀኑ ምትነዱ ሰዎች በሶስት ዓመት ውስጥ ሁለት ሶስቴ የአሲድ ባትሪ እንደምትቀይሩ አብራችሁ አስሉ። ለቤተክርስቲያንና ለገበያ ብቻ ለሚነዳ ሰው ግን የአሲዱ ይበቃል ባይ ነኝ።

ሌላው ምናመሰግነው የጎንደርን አየር ነው። የአሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው እድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ ሊቲየምም ሙቀት አይወድም። መተማ ወርዶ ሚሰራ ሰው ባትሪው ቶሎ ቢደክምበት አይግረመው፣ እዚ እኛ ጋ ግን አየሩ ራሱ ባትሪ ይጠብቃል። በህዳርና በታህሳስ ጠዋት ትንሽ ደከም ካለባችሁ ብርዱ ነው፣ ቀኑ ሲሞቅ ይመለሳል።

አሁን ወደ አዘዞው ጥያቄ። ሻጩ "80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል" ሲላችሁ ሜዳ ላይ፣ አንድ ቀጭን ሰው፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር፣ ሳይቆም ማለቱ ነው። እንዲህ ያለ መንገድ ደግሞ ጎንደር ውስጥ የት አለ? ራሳችሁ አስሉት፣ ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ አባዙ፣ 72 በ20 ሲባዛ 1,440 ዋት ሰዓት ነው። ከዛ 80 ፐርሰንቱን ብቻ ቁጠሩ፣ 1,150 አካባቢ። እኔ እዚ ከተማ በአማካይ በኪሎ ሜትር 35 ዋት ሰዓት ይበላብኛል፣ ስለዚህ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ። እናንተ ከኋላ ሰው ምትጭኑ ከሆነ በኪሎ ሜትር 40 ዋት ሰዓት ብላችሁ አስቡት።

ከፍታው ነው ሚበላው። ሞተሩ፣ እናንተና ከኋላ ያለው ሰው አንድ ላይ 250 ኪሎ ብትሆኑ 100 ሜትር ወደላይ ለመውጣት ብቻ፣ ከመንገዱ ርቀት ሌላ፣ 80 ዋት ሰዓት ገደማ ይሄዳል፣ ይሄ ሜዳ ላይ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ሚያስኬድ ነው። ከተማው 2,133 ሜትር ላይ ነው ሚባለው፣ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያው ደግሞ 1,994 ሜትር አካባቢ፣ ስለዚህ አዘዞ ወርዳችሁ ስትመለሱ የ140 ሜትር እዳ አለባችሁ፣ መሀል ላይ ያሉት ወጣ ገባዎች ሳይቆጠሩ። ሲወርዱ 40 ፐርሰንት ብቻ በላ ብሎ ተዝናንቶ ሲመለስ ማራኪ ላይ ሚገፋ ልጅ ስንቱን አይቻለሁ። አዘዞ ስደርስ ከ60 ፐርሰንት በታች ከሆነ እዛው ትንሽ ሳልሰካ አልመለስም። ፒያሳ አዘዞ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልስ ጤነኛ ባትሪ ይችለዋል፣ ከዛ ላይ ጎሃ ሆቴል ወይ ቁስቋም ዳገት ልጨምር ካላችሁ ግን አስቡበት። ዳገት የሚበዛበትን ጉዳያችሁን ጠዋት ባትሪው ሙሉ ሲሆን ጨርሱ፣ ለማታ ቁልቁለቱን አስቀሩ፣ ምክንያቱም የአሲድ ባትሪ ሲደክም ብዙ ጉልበት ከጠየቃችሁት ካለው እንኳ አይሰጥም፣ ቮልቱ ቶሎ ወርዶ ያጠፋባችኋል። እንዲህ ሲሆን ቆማችሁ አስር ደቂቃ አሳርፉትና ያለተጫነ ሰው ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ ትንሽ ይመለሳል። ልማድ አታርጉት እንጂ።

ጋዙን ዳገት ስር ሳትደርሱ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ስጡ፣ መሀል ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት ነው ባትሪ ሚጨርሰው። ፍጥነትም እንዲሁ፣ ወደ ማክሰኚት በሚወስደው አስፋልት ላይ 60 እና 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት መሀል ያለው ልዩነት ብዙ ነው፣ ንፋሱ በፍጥነቱ ካሬ ነው ሚገፋችሁ። ጎማውን በሳምንት አንዴ ጎሚስታ ጋ አስለኩ፣ የላላ ጎማ እንደ ዳገት ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዙ ወደ ባትሪ ሚመልስ ሞተር ካላችሁ ጥሩ፣ ግን ባትሪው 100 ከሆነ ሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው አይመልስም፣ ፍሬኑም ከለመዳችሁት ሊላላባችሁ ይችላል፣ ጠዋት ሙሉ ባትሪ ይዛችሁ ወደ አዘዞ ስትወርዱ አስታውሱት።

ቻርጅ የት እናርግ?

ቤት። ሌላው ሁሉ ተጨማሪ ነው። እኔ ተከራይ ነኝ፣ መጀመሪያ ሞተሩን ግቢ ሳስገባ አከራዬ እትዬ "ልጄ ቆጣሪዬን ልትጨርሰው ነው" አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው የማይታወቅ ነገር ያስፈራል። ቁጭ ብዬ አብረን አሰላነው። የአሲድ ባትሪ ቻርጀር ከግድግዳው ሚስበው ወደ 300 ዋት ነው፣ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ። ምጣዱ አንድ ሰዓት ሲጋገርበት 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል፣ የኔ ባትሪ ግን ጨርሶ አልቆ እስኪሞላ በቻርጀሩና በባትሪው ሚባክነው ተጨምሮ 2 ገደማ ነው። "ታዲያ ይሄ ከምጣድ ያነሰ ነው!" ብለው ሳቁ። ግን አንድ ነገር አልደበቅኳቸውም፣ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በደረጃ ነው ሚያድገው፣ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል፣ ስለዚህ የጋራ ቆጣሪ ላይ የእናንተ ሞተር ግቢውን ሁሉ ወደ ላይኛው ደረጃ ሊገፋው ይችላል። እንዲህ ሲሆን ምትከፍሉት በላይኛው ደረጃ ዋጋ ቢሆን ፍትሃዊ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ሂሳቡን ከራሳችሁ ቢል ላይ አይታችሁ ከአከራይ ጋ ቀድማችሁ ተስማሙ፣ በኋላ ከመቀያየም ይሻላል።

ሶኬቱን ተጠንቀቁ። የቆየ ቤት ውስጥ ያለ የላላ ሶኬት ስምንት ሰዓት ሙሉ ጭነት ሲሸከም ይግላል። ሰክታችሁ ግማሽ ሰዓት ሲሆን ፕለጉን በእጃችሁ ንኩ፣ ለብ ካለ ችግር የለውም፣ ካቃጠላችሁ ንቀሉና ሶኬቱን አስቀይሩ። ዲቫይደር ላይ ከምጣድ ወይ ከስቶቭ ጋ አብራችሁ በፍጹም አትሰኩ። ባለ 10 አምፔር የሊቲየም ቻርጀር ከግድግዳ 1,000 ዋት ገደማ ስለሚስብ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሁን።

ፈጣን ቻርጀር ልግዛ ለምትሉ፣ ለአሲድ ባትሪ አይሆንም። 20 አምፔር ሰዓት ከሆነ ከ2 እስከ 4 አምፔር ነው ሚስማማው፣ ከዛ በላይ ከሰጣችሁት ይፈላል፣ ሆዱ ያብጣል። ለኤልኤፍፒ 20 አምፔር ሰዓቱ በ10 አምፔር ይችላል፣ ከሁለት ሰዓት ትንሽ በለጥ ባለ ጊዜ ይሞላል። ጊዜውን ለማስላት አምፔር ሰዓቱን ለቻርጀሩ አምፔር አካፍላችሁ ትንሽ ጨምሩበት።

ከቤት ውጭ ደግሞ መስሪያ ቤት ሚፈቅድላችሁ ካለ እሱን ተጠቀሙ፣ ሊቲየም ያላችሁ ሳጥኑን ነቅላችሁ ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ። ሱቅ ወይ ካፌ ያለው ወዳጅ መንገዳችሁ መሀል ላይ ካለ ለአንድ ሰዓት ሂሳብ ተስማሙና ከፍላችሁ ሰኩ፣ በነጻ ሲሆን ሁለተኛ ቀን ያሳፍራል። ለመኪና ሚተከሉት ፈጣን ቻርጀሮች እኛ ሞተር ላይ አይሰኩም፣ ሶኬቱም ቮልቱም ሌላ ነው፣ እሱን ተስፋ አርጋችሁ እንዳትወጡ። እንደ ኪጋሊና ናይሮቢ ያለቀውን ባትሪ አስረክቦ ሙሉውን ይዞ መሄድ ቢኖር ለሞተረኛ ከሱ የተሻለ የለም። እስከዛ ግን ስራችሁ ብዙ ኪሎ ሜትር ከሆነ ያለው አማራጭ ሁለተኛ ሊቲየም ሳጥን መግዛትና አንዱ ሲሞላ በሌላው መስራት ነው።

ሶላር ምትጠይቁኝ አላችሁ። 400 ዋት ፓኔል በጋ ላይ በቀን አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሀይ ቢያገኝ ከብክነቱ በኋላ 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል፣ ይሄ አንድ ሞተር ለመሙላት ይቃረባል። ችግሩ ፀሀይ ባለችበት ሰዓት ሞተሩ ስራ ላይ ነው፣ ስለዚህ ወይ ሁለተኛ ባትሪ ወይ ማጠራቀሚያ ያስፈልጋችኋል። ክረምት ላይ ደግሞ ደመናው አይለቅም። መብራት በማይደርስበት ገጠር ላለ ሰው ያዋጣል፣ ከተማ ላለ ሰው ለመብራት መጥፋት መጠባበቂያ ነው።

ስለ መብራት ካነሳን፣ ሲጠፋ ነቅላችሁ ተዉት፣ ሲመጣ ወዲያው አትሰኩ፣ ከአምስት እስከ አስር ደቂቃ ጠብቁ። ተመልሶ ሲመጣ ቮልቱ ይዘላል፣ ቻርጀር ሚያቃጥለው እሱ ነው። ማታ መብራቱ እየደበዘዘ ሚቸገር ሰፈር ካላችሁ እኩለ ሌሊት አልፎ መሰካት ይሻላል፣ ወይ ስታቢላይዘር። ነገ ይጠፋል የሚል ወሬ ካለ ደግሞ ሊቲየምም ቢሆን የ80 ፐርሰንቱን ነገር ትታችሁ ሙሉት፣ አንድ ቀን ምንም አያረገውም።

እሳትን በተመለከተ እለምናችኋለሁ ቸል አትበሉ። ሊቲየም አንዴ ከተቀጣጠለ በቀላሉ አይጠፋም፣ ጭሱም መርዝ ነው። በር ላይና ደረጃ ስር አትሰኩት፣ እሳት ቢነሳ መውጫችሁን ነው ሚዘጋው። አልጋ ስር፣ ፍራሽ ላይ፣ ቡና ሚፈላበት ማንደጃ አጠገብም አይሁን። የአሲዱ ደግሞ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ አየር ሚገባበት ቦታ ይፈልጋል። የወደቀ፣ ያበጠ ወይ ጎርፍ የገባበት ሊቲየም ካላችሁ ባለሙያ ሳያየው ቻርጅ አታርጉ። ከረጅም ዳገት እንደገባችሁም ወዲያው አትሰኩ፣ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ።

ውሃ፦ ዝናብ ብዙም አያስፈራም፣ ሚያስፈራው ላቫጆ ላይ በግፊት ሚረጨው ነው። የቻርጅ መሰኪያውንና ሲቱ ስር ያለውን አታስረጩ፣ በጨርቅ ይጠረግ። ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ አካባቢ ምታቆሙ ልጆች ደግሞ መሰኪያውን በላስቲክ ጠቅልሉት፣ ጸበሉ ሲረጭ ለሞተርም ይደርሳል።

መጨረሻ ላይ፣ የአሲድ ባትሪያችሁ ደከመ ማለት ስድስቱም ሞተዋል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ አንዷ ናት ሌሎቹን ምትጎትተው። ቴስተር ካለው ኤሌክትሪሻን ጋ ሂዱ፣ ሙሉ ቻርጅ አርጋችሁ ሁለት ሰዓት ካረፈ በኋላ እያንዳንዷን ለኩ፣ ጤነኛዋ 12.8ና ከዛ በላይ ታሳያለች። ከዛ አንድ ሰው የኋላ ጎማውን ከመሬት አንስቶ ሳይሆን ዳገት ላይ እየነዳችሁ ወይ ነድታችሁ እንደመጣችሁ እንደገና ለኩ፣ አምስቱ 12 አካባቢ ሆነው አንዷ 10.5ና ከዛ በታች ከወረደች ጥፋተኛዋ እሷ ናት። የገመዶቹ ብሎን ላልቶ እንደሆነም እዩ፣ የኛ ኮብልስቶን ብሎን ያላላል፣ የላላ ብሎን ደግሞ እየጋለ የደከመ ባትሪ ይመስላል። አንዷን ስትቀይሩ አዲስ አትግዙ፣ አዲሷ ከአሮጌዎቹ ጋ ስትታሰር ቶሎ ነው ምትበላሸው፣ በእድሜ ሚመጣጠን ያገለገለ ፈልጉ። አራትና አምስቱ ከደከሙ ግን ስድስቱንም በአንዴ ቀይሩ። አሮጌዎቹን ቀሃ ወይ አንገረብ ዳር እንዳትጥሉ፣ ውስጡ እርሳስና አሲድ ነው፣ ከብት ሚጠጣው ውሃ ነው፣ እርሳሱን ለማቅለጥ ሚገዙ ሰዎች አሉ፣ ባትሪ ሻጮች ጋ ጠይቁ፣ ከአዲሱ ዋጋ ላይ እንኳ ይቀንሱላችኋል።